የስቴት ምክር ቤት አባል ስንት ዓመት መቀመጥ ይችላል?

«ፕሬዚዳንት እንኳ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ ይሄ ሰውዬ እንዴት ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ?» የሚል ጥያቄ አሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ይነሳል። የሁለት ጊዜው ገደብ የሚመለከተው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው። የስቴት ሕግ አውጪዎችን ጉዳይ የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ስቴቶች ገደብ የላቸውም፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም እንደዚያው።

ዊስኮንሲንም ገደብ ስለሌላት ፍሬድ ሪሰር የተባሉት የስቴቱ ሕግ አውጪ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ገብተው የወጡት በ2021 መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ በታችኛው ምክር ቤት፣ ከ1962 ወዲህ በሴኔት (በላይኛው ምክር ቤት)፣ በድምሩ 64 ዓመት። ያለ ምርጫ ግን አይደለም፤ የሴኔት ወንበራቸው በየ4 ዓመቱ ለድምፅ ይቀርብ ነበር።

ገደብ ባለበት ስቴት ሰውን የሚያምታታው አቆጣጠሩ ነው። ኮሎራዶ የምትቆጥረው በየምክር ቤቱ ነው፤ በአንዱ በተከታታይ 8 ዓመት። ካሊፎርኒያ ግን ሁለቱን ደምራ ለዕድሜ ልክ 12 ዓመት ትሰጣለች።

አንዲት ሴት በታችኛው ምክር ቤት 8 ዓመት አገለገለች እንበል። ኮሎራዶ ከሆነች ወደ ሴኔት ተሻግራ ሌላ 8 ዓመት መሥራት ትችላለች፤ ካልፈለገች 4 ዓመት አርፋ ወደ ቀድሞ ወንበሯ መመለስም ይፈቀድላታል። ካሊፎርኒያ ከሆነች የቀራት 4 ዓመት ብቻ ነው፤ በሴኔትም ሆነ እዚያው በታችኛው ምክር ቤት ልትጨርሰው ትችላለች። ከዚያ በኋላ ብታርፍም አትመለስም። ለመራጭ ትልቁ ልዩነት ይሄ ይመስለኛል።

በመካከል የተለቀቀ ወንበር ለመሙላት የገባ ሰው ቀሪው ጊዜ ይቆጠርበታል ወይስ አይቆጠርበትም የሚለው ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የራስን ስቴት ሕግ ማየት ያስፈልጋል።