«ሸራው ነው፣ ቀይርልኝ»፦ አዲስ ሸራ ገብቶለት ስለሚጮህ ፍሬን

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሳምንት አያልፍም፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ እንዲህ ይለኛል፦ «አዲስ ሸራ ካስገባሁ ወዲህ ፍሬኑ ሲጢጥ ይላል። ሸራው ፎርጅድ ነው፣ ቀይርልኝ።» ጎማው አልተፈታም። ማንም ገልጦ አላየውም። ፍርዱ ግን አልቋል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ሸራ የምንለው ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ማለትም ዲስኩን፣ ጨምቆ የሚይዘውን ነው።

«የሚጮኸው ሸራው መጥፎ ስለሆነ ነው»

ጩኸት ማለት ንዝረት ነው። ማሲንቆ የሚጮኸው ጭራ በጭራ ላይ ሲፈተግ አይደል? ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገ። ሸራና ዲስክም እንደዚያው ናቸው። ሸራው ዲስኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ያ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ሸራው የማን ምርት ነው?» አይደለም። «ሸራው እንደልቡ እንዲንቀጠቀጥ ማን ፈቀደለት?» ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ኮሮላ ይዞ መጣ። በሁለት ወር ውስጥ የፊት ሸራ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሦስቴ ከፍሏል፣ ሦስቴም ጮኾበታል። «ጋሼ፣ አራተኛውን ኦሪጅናል ፈልግልኝ» አለኝ። መጀመሪያ ጎማውን ልፍታ አልኩት።

ስፈታው የሸራው ሁለት ጆሮዎች ዝገት በበላው ባዶ ብረት ላይ ተቀምጠዋል። በጆሮዎቹ ስር መኖር ያለባቸው ቀጫጭን ክሊፖች የሉም። ከሸራው ጀርባ የምትለጠፈው ስስ ላሜራም የለችም። ስጠይቀው «እነዚያ ቆርቆሮዎች? መጀመሪያ የገጠመልኝ ልጅ አያስፈልጉም ብሎ ጣላቸው» አለኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። የላይኛው በጣት ይገፋል። የታችኛው ግን ነቅነቅ አላለም። በስንት ትግል ሲወጣ፣ ላዩ ላይ ያለው ግሪስ እንደ ደረቀ ጭቃ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል። ፒኑን የሚሸፍነው ጎሚኒ ተቀዷል፣ ውሃ ገብቶበታል። የውስጠኛው ሸራ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ውፍረቱ ግን የውጪኛውን ግማሽ ብቻ ያህላል።

ያን ዕለት አዲስ ሸራ አልሸጥኩለትም። የሸራውን መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ። ክሊፖቹንና ላሜራዎቹን አስገባሁ። ጎሚኒውን ቀየርኩ፣ ፒኑን አጽድቼ ለፍሬን የሚሆን ሲሊኮን ግሪስ ቀባሁ። የፊት ሸራዎቹ በእኩል ልክ አላለቁም ነበር፤ ሁለቱን ወገን በአንዴ መቀየር ስለሚሻል፣ እሱ ራሱ መኪናው ውስጥ ያስቀመጠውን ሁለተኛ የተቀየረለትን ሸራ አወጣን። «ፎርጅድ ነው» ተብሎ የወጣውን ማለቴ ነው። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጌ መልሼ ገጠምኩት። እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

ደረቅና መጥፎ ሸራ ገበያ ውስጥ የለም አላልኩም። አለ። ግን የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። ከእሱ በፊት ክሊፑ፣ ላሜራው፣ ፒኑና ዲስኩ ይታዩ። ዲስኩ ዳር ላይ በጥፍር የሚታወቅ ጠርዝ ካወጣ፣ አዲሱ ሸራ ያንን ጠርዝ እየነካ ይጮሃል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጨት ይቻላል። ነገር ግን ዝቅተኛው የዲስክ ውፍረት ዲስኩ ራሱ ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል። ከዚያ በታች ከሆነ አይላጭም፣ ይቀየራል። እባካችሁ ሸራ ሲቀየርላችሁ አጠገቡ ቁሙ። «ክሊፖቹስ? ፒኑን ቀባኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አያሳፍርም፤ ገንዘቡም መኪናውም የእናንተ ነው።

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ይተዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ሸራና ዲስክ መላመድ አለባቸው። ችግሩ ሰው ሁሉ በራሱ ጊዜ ይላመዳል ብሎ ያስባል። እኛ አገር ደግሞ መንገዱ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት እዚህ ሸራ ያስገባል፣ እዚያው መናኸሪያ ገብቶ ተሳፋሪ ይሞላና ወደ ሸዋ ሮቢት ይነሳል። መንገዱ ላይ ያለው ጣርማ በር ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። የጣርማ በርን ዋሻ ካለፈ በኋላ ያ ሁሉ ቁልቁለት በአዲስ ሸራ ነው የሚወረደው፣ እግር ፍሬኑ ላይ እንደተጫነ። ሸራው ይግላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በማግስቱ መኪናው እየጮኸ ይመለሳል። ያኔም «ሸራው ነው» ይባላል።

ማላመድ ከባድ ሥራ አይደለም። ወደ ጫጫ የሚወስደውን ሜዳማ መንገድ ያዙ። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አረጋግጡ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሂዱና፣ ለስለስ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ እስከ 10 አውርዱት። ሙሉ በሙሉ አታቁሙ፣ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ይለጠፋል። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ትንሽ ንዱ፣ ይንፈስበት። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሙ። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ከድንገተኛ ፍሬን ታቀቡ። ቁልቁለት የግድ ከሆነ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ። በእርግጥ ሸራው አሮጌም ቢሆን ጣርማ በር የሚወረደው በማርሽ ነው።

ፊቱ ቀድሞ ያብለጨለጨ ሸራ በራሱ አይተውም። ይፈታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ እንደገና ይላመዳል።

«ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት»

ይህን የሚመክር ሰው ወዳጅ አይደለም። ሸራ ሥራው መያዝ ነው። ዘይት የነካው ሸራ አይይዝም፣ አንዱ ጎማ ብቻ ከተነካ ደግሞ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ረዳቱ በሞተር ዘይት ያራሰውን ፍሬን ይዞ መጥቶ ያውቃል። ጩኸቱ ጠፍቶ ነበር። ፍሬኑም አብሮ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። ግሪስ የሚቀባው ፒኑ፣ የሸራው ጆሮና ጀርባው ብቻ ነው፤ እሱም ለፍሬን የተሠራው። ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ቀሪዎቹን ባጭሩ።

«ጠዋት ከጮኸ ተበላሽቷል።» የእኛ ከተማ ውርጭ ዲስኩ ላይ በአንድ ሌሊት ስስ ዝገት ያወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከጠፋ ምንም አይደለም።

«የፍሬን ዘይት ቀይር፣ ጩኸቱ ይጠፋል።» አይገናኙም። ዘይቱን ግን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፍሬኑ ሲረገጥ ባዶውን ይወርዳል።

«የአዲስ ሸራ ማስጠንቀቂያ ብረት ዲስኩን አይነካም።» ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው በተሳሳተ ጎን ከገባ ወይም ምላሷ ከተጣመመች በመጀመሪያው ቀን ትጮሃለች።

«ትቢያውን በኮምፕረሰር ንፋው።» አይሆንም። የፍሬን ትቢያ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነው። በውሃ አርጥቡና ጥረጉት።

«ካልጮኸ ደህና ነው።» ይቺ ታስፈራኛለች። ያቺ ምላስ ያለው ሁሉም ሸራ አይደለም። ጸጥ ብሎ ተበልቶ፣ ብረት በብረት ሲፈጭ ነው ባለቤቱ የሚባንነው። በቸርኬው ቀዳዳ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አዲስ ሸራ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 3 ከደረሰ የሚቀጥለውን ቁልቁለት ሳትወርዱ ቀይሩት።