ደመ ቀዝቃዛ ማለት ምንድን ነው? ሳላማንደርና ድንቢጥ ሲነጻጸሩ

ኅዳርና ታኅሣሥ በሱሉልታ ሜዳ ጎህ ሲቀድ ሣሩን ውርጭ ይመታዋል። በዚያ ብርድ አጥር ላይ ያረፈች ድንቢጥ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከድንጋይ ሥር የተሸሸገች እንቁራሪት ግን የድንጋዩን ያህል ቀዝቅዛለች። ደመ ቀዝቃዛ የሚባለው እንደ እሷ ሙቀቱን ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ ነው። እንሽላሊት ፀሐይ ሲሞቅ ደሙ የሰውን ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሙቀቱ ከየት መጣ ነው።

ለዚህ ከሳላማንደር የተሻለ ማሳያ የለም። የእንቁራሪት ዘመድ ሲሆን ጅራት አለው፤ ከሰሐራ በስተደቡብ አይገኝም። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ደኖች የሚኖረው ጀርባ ቀዩ ሳላማንደር 1 ግራም ቢመዝን ነው። ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳውና በአፉ የውስጥ ሽፋን ነው። ኦክስጅን የሚያልፈው በእርጥብ ቆዳ ስለሆነ፣ ከደረቀ ታፍኖ ይሞታል።

ድንቢጥ ከምትበላው አብዛኛውን የምታቃጥለው ለሙቀት ነው። ሌሊት ላባዋን ነፍታ አየር ትይዛለች፣ የደረቷ ጡንቻም እየተንቀጠቀጠ ያሞቃታል። በብርድ አገር ትናንሽ ዘማሪ ወፎች በአንድ ሌሊት እስከ ክብደታቸው አንድ አሥረኛ ይቀንሳሉ፤ ጠዋት ምግብ ካጡ አደጋ ላይ ናቸው። ሳላማንደር ይህ ወጪ የለበትም። ሰውነቱ ከተቀበለው ምግብ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሥጋ ያደርገዋል፤ የወፍ ድርሻ ግን ጥቂት በመቶ ነው። በአሜሪካ ሀባርድ ብሩክ ደን ተጠንቶ በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤትም አስደናቂ ነው፦ የሳላማንደሮቹ ጠቅላላ ክብደት በመራቢያ ወቅት ከነበሩት ወፎች ይበልጥ ነበር። በየቅጠሉ ሥር ስለሚደበቁ እንጂ ደኑ የእነሱ ነው ማለት ይቻላል።

ቁጠባው ዋጋ አለው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የሰውነቱ ሥራ ወደ ግማሽ ወይም ሲሶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አያድንም፣ ምግብም ቶሎ አይፈጭለትም።

በእንጦጦ ወይም በገፈርሳ ዳር ይህን ማየት የሚፈልግ፣ ሳላማንደር ባይኖርም እንቁራሪት ይበቃዋል። ቴርሞሜትሩን ከድንጋዩ ሥር 5 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ የሚነበበው የእንቁራሪቷም ሙቀት ነው ለማለት ይቻላል። በእጅ መያዝ ግድ ከሆነ እጅን አስቀድሞ በዚያው ወንዝ ውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ሳሙናና ሳኒታይዘር በቆዳዋ ሰርገው ይገባሉ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ፣ ከዚያ እንቁራሪቷን ከጎኑ ማኖር፤ ራሷ ትገባለች። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ትጨፈለቃለች።