የጥይት ካዝና ልክ፦ ለጡረተኛ ፖሊስና ለአዳኝ ሕጉ የሚለያየው የት ላይ ነው?

በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሕግ ለከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ለሚተኩስ) የሚሆን ካዝና ከ10 በላይ ጥይት እንዳይጎርስ ይከለክላል፤ ቀድሞ ልኩ 15 ነበር። ብዙዎች ጡረታ የወጣ ፖሊስ ገደብ የለበትም ብለው ያስባሉ፤ ልዩነቱ ግን ጠባብ ነው። በግዛቱ ሕግ ሽጉጥ እንዲይዝ የተፈቀደለት ጡረተኛ እስከ 15 ጥይት የሚጎርስ የሽጉጥ ካዝና ሊይዝ ይችላል እንጂ፣ ከዚያ የሚበልጥ ወይም ለጠመንጃ የሚሆን ትልቅ ካዝና በዚሁ አንቀጽ አልተፈቀደለትም።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ይህ ሕግ መስፈርቱን ያሟላ ጡረተኛ ፖሊስ ከግዛት ግዛት ሲዘዋወር መሣሪያ ሸሽጎ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ በኋላ በተደረገለት ማሻሻያ ጥይትን በግልጽ ቢጠቅስም ካዝናን ግን በስም አላነሣም። ስለዚህ የመሣሪያው ፈቃድ የካዝናውንም ልክ ያነሣልኛል ብሎ መተማመን፣ በእኔ እምነት፣ አደገኛ ነው።

የአዳኙ ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ዳክዬንና መሰል ስደተኛ አዕዋፍን በሾትገን ለሚያድን ሰው የፌዴራሉ ደንብ የሚፈቅደው፣ ከጥቂት ልዩ ወቅቶች በቀር፣ በመጉረሻው (ጥይቱ በሚተኮስበት ክፍል) እና በካዝናው ተደምሮ 3 ጥይት ብቻ ነው። ሦስት ብቻ አጉርሻለሁ ማለት አይበቃም፤ ካዝናው ከዚያ በላይ መያዝ የሚችል ከሆነ መሣሪያው ካልተፈታ በማይወጣ አንድ ወጥ መሙያ መደፈን አለበት። ደንቡ የሚጠብቀው የአዕዋፉን ቁጥር ስለሆነ፣ ጡረተኛ ፖሊስም ዳክዬ ሊያድን ሲወጣ ከዚህ ግዴታ ነፃ አይሆንም።