«አርፈው ይቀመጡ» እና ሌሎች ስለ እርጅና የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርት ልትከትፍ ስትነሳ አራታችንም ባንድ ጊዜ ጮህን። «እማዬ ተይ! አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ!» ቢላውን ከእጇ ተቀበልናት። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ሆና፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ እኛ ጉድ ጉድ ስንል ስታይ ዋለች። ማታ ልትተኛ ስትነሳ የሶፋውን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች። ትንሽ ከፍ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሙከራ ነው የቆመችው።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ክብር የምንለው ነገር ጉልበቷን እየበላው ነበር። ከፍቅር የምንናገራቸው፣ ግን አረጋውያንን የሚጎዱ እንዲህ ያሉ አባባሎች ብዙ ናቸው።

«በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልጋቸው እረፍት ነው»

ያልሠራ ጡንቻ ይሟሟል። በእርጅና ደግሞ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆኑ ሰዎች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ አጡ። ልብ በሉ፣ ሲጀምሩ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ልኩ ቀላል ነው፤ እየሄዱ ማውራት ይቻላል፣ መዘመር ግን ያቅታል። ከዚህ ሌላ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመርበት ይላል።

«የሄደ ጉልበት አይመለስም»

ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች በእግራቸው ክብደት ማንሳት ጀመሩ። ልምምዱን ለ8 ሳምንት የጨረሱት ሰዎች የእግር ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። 96 ዓመት! እኛ በ60 ጡረታ የወጣን ሰው «ከእንግዲህ በቃህ» እንላለን።

ለዚህ ጂም መግባት የግድ አይደለም። ስግደትን አስቡት። ወለል ድረስ ወርዶ መነሳት ጭንን፣ ዳሌን፣ ወገብን ሁሉ ያሠራል። ሶላትም እንዲሁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰገዱ እናቶች ከመሬት ሲነሱ ማየት በቂ ማስረጃ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ደግሞ ከወንበር ይጀምር። ጠንከር ያለና የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፎ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ 5 ጊዜ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ቢያማክር ይመረጣል።

እማዬ ከዜና በፊት ትሠራዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እጄን ይዛ ነበር የምትነሳው። አሁን አንዱንም አትይዝም፤ ደግሞ ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

«እንዳይወድቁ ባይንቀሳቀሱ ይሻላል»

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መውደቅን የፈራ ሰው መራመድ ይተዋል፣ መራመድ የተወ እግሩ ይደክማል፣ እግሩ የደከመ ይወድቃል። ይልቅ ቤቱን እንየው። ጫፉ የተነሳ ምንጣፍ፣ እርጥብ የሻወር ወለል፣ ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ጨለማ ኮሪደር፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ። መድኃኒትም አለበት። የእንቅልፍ ኪኒንና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሰው ድንገት ሲነሳ ያዞሩታል። አልጋ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ ቆይቶ መነሳት ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

«ለሽማግሌ ሾርባ ይበቃዋል»

አይበቃውም። የምግብ ፍላጎት ቢቀንስም ሰውነት የሚፈልገው ፕሮቲን አይቀንስም፤ እንዲያውም ከጎልማሳው ከፍ ያለ ነው። አያቶች ሥጋውን ለልጅ ልጅ አጉርሰው እነሱ መረቁን በእንጀራ እያጠቀሱ ሲበሉ ስንቴ አይተናል? ጥርስ ካስቸገረ ሥጋው ይፈጭ፣ እንቁላል ይጨመር። በጾም ወቅት ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ።

ስለ ጾም ከተነሳ፣ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት አደገኛ ነው። ስኳሩ ድንገት ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው አታስገድድም። ለንስሐ አባት መንገር፣ ሐኪምንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ውኃ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። «አልጠማኝም» ማለት ሰውነቱ ውኃ አይፈልግም ማለት አይደለም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮ ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር፣ ብርጭቆው ከአጠገባቸው አይጥፋ።

«ጃጅተዋል፣ ምን ይደረግ»

ይህቺ ቃል ስንት ሰው ከሕክምና አስቀርታለች። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። የኖሩበት ሰፈር ውስጥ መንገድ መሳት ግን የዕድሜ ነገር አይደለም፣ ሕመም ነው። አንዳንዴም የሚታከም ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት ሁሉ ሰውን ያዘነጋሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ መጋባት ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ሪፖርት፣ ለመርሳት ሕመም የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱን በመቆጣጠር ከሕመሙ ግማሽ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት አሉበት። የመስማት ችግርም አለበት፣ ይህኛውን ማንም ልብ አይለውም። ቡና ላይ ሁሉም ስቆ ሲያበቃ ዘግይተው የሚስቁ አባት አሉ። ጨዋታው አልተሰማቸውም። እንደገና ንገሩኝ ማለት ያፍራሉ። ቀስ በቀስ ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎ ከቡናው ይቀራሉ። ጆሯቸው ይታይ።

«ዓይን በዕድሜ ይደክማል»

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ጥገና ይወጣል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

«ልጆቿ ጋ አሜሪካ ናት፣ ምን ጎድሎባት»

አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ቤቱ ሞቃት ነው፣ ፍሪጁ ሙሉ ነው። ልጇና ባሏ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። መኪና አትነዳ፣ ቋንቋው አልገባት። እዚህ እያለች በወር ስንት ማኅበር፣ ስንት ለቅሶ፣ ስንት እድር ነበራት። እዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ወደ አዲስ አበባ ትደውላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በማኅበራዊ ግንኙነት ላይ የሚሠራ ኮሚሽን ያቋቋመው፣ ብቸኝነት ልብንም አእምሮንም ስለሚጎዳ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከራሷ ነው። ሊፍት ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ አይታ «ሐበሻ ነሽ?» አለቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነበሩ። እሳቸው ሌላ አንዲት እናት ያውቁ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቡና በየተራ ሆነ፤ ከቡናው በፊት ሦስቱ ተያይዘው ብሎኩን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። አሁን ሐሙስ ብደውልላት ስልክ አታነሳም።