ስፔን ውስጥ ሰብአ ሰገል እንዴት ይከበራሉ? ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የስፔን ሰልፍ ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ፤ ግመል፣ ዘውድ፣ የሚወረወር ከረሜላ። ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየት ግን ግማሹ ስህተት ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኤጲፋንያ ያው ጥምቀት ነው፤ እንደኛ ውሃ ዳር ወጥተው ያከብራሉ።» ኧረ በፍጹም! ስፔን ውስጥ ኤጲፋንያ፣ ማለትም ጃንዋሪ 6፣ የሰብአ ሰገል ቀን ነው፤ ኮከብ ተከትለው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው የመጡት ሰዎች። ለኛ ያ ዕለት ገና የገና ዋዜማ ነው። የጌታን ጥምቀት ካቶሊኮች አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ እሁድ ያስቡታል፤ ግን መንገድ የሚያዘጋ በዓል አይደለም።

«ሦስት ነገሥታት እንደነበሩ ወንጌል ይናገራል።» ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ክፈቱት። ቁጥራቸውም የለም፣ ስማቸውም የለም፣ ንጉሥ መሆናቸውም አልተጻፈም። ሜልቾር፣ ጋስፓርና ባልታሳር የሚሉት ስሞች ኋላ በትውፊት የመጡ ናቸው።

«የልጆች ስጦታ ዲሴምበር 25 አልቋል።» እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አሁን አሁን የገና አባትም በብዙ ቤት ይገባል፤ ሁለቱንም የሚያከብር ቤተሰብ ሞልቷል (የወላጅ ኪስ ይቻለው እንጂ)። ነገር ግን በልማዱ ትልቁ ስጦታ የሚገኘው ጃንዋሪ 6 ጠዋት ነው። ልጆች ቀደም ብለው ለነገሥታቱ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በየአደባባዩና በየገበያ ማዕከሉ የንጉሥ አሽከር ለብሶ የሚቀበላቸው ሰው አለ። ዋዜማው ማታ ጫማቸውን አጽድተው ያስቀምጣሉ። ለነገሥታቱ የሚጠጣ ነገርና ጣፋጭ፣ ለግመሎቹ ደግሞ ውሃ ይቀርባል። ከዚያ በጊዜ መተኛት ግዴታ ነው፣ ነቅቶ ያገኙት ልጅ ስጦታ አያገኝም ይባላላ!

«የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብቻ ነው።» መነሻው ሃይማኖት ነው፤ ጃንዋሪ 5 ማታ አደባባይ ላይ የምታዩት ግን የከተማው ድግስ ነው። ሰልፉን በአብዛኛው የሚያዘጋጀው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሴቪያ ውስጥ ደግሞ አቴኔዮ የሚባል የባህል ማኅበር ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል። ባርሴሎና ላይ ነገሥታቱ በመርከብ ወደብ ይደርሳሉ። ብልጥ ተመልካች ዣንጥላውን ገልብጦ ይዘረጋል፤ የሚወረወረው ከረሜላ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባለታል። ለኔ ግን ከሁሉም አልኮይ ትበልጣለች። በአሊካንቴ ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ ሰልፏ ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገበ ስለሆነ የአገሪቱ ጥንታዊ ይባላል። እዚያ አሽከሮቹ ረጅም መሰላል ተሸክመው ይሄዳሉ፣ በየሕንጻው ላይ አስደግፈው ይወጡና ስጦታውን በረንዳ ላይ ለቆመው ልጅ በእጁ ይሰጡታል። አስቡት፣ ልጁ ምን ይሰማው!

እዚሁ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገርም አለ። ባልታሳር ጥቁር ተደርጎ ስለሚታሰብ ለብዙ ዘመን ነጭ ሰው ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይጫወተው ነበር። «ባህል ነው፣ ማንም አይከፋም» የሚሉ አሉ። ይከፋል እንጂ፣ በተለይ እዚያ ለሚያድጉ ጥቁር ልጆች። ማድሪድን ጨምሮ ብዙ ከተሞች አሁን ቦታውን ለጥቁር ሰው ይሰጣሉ፤ አልኮይ ደግሞ ቀለም በሚቀቡት አሽከሮቿ ትተቻለች።

«ከቀለበቱ ዳቦ ውስጥ ዕቃ ያገኘ ባለዕድል ነው።» የትኛውን እንዳገኘ ይወሰናል። ሮስኮን የሚባለው ቀለበት መሳይ ጣፋጭ ዳቦ የብርቱካን አበባ ውሃ ይገባበታል፣ ላዩ ላይ በስኳር የደረቀ ፍራፍሬ ይደረደራል። ውስጡ ትንሽ ምስልና ባቄላ ይደበቃሉ። ምስሉ የደረሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል። ባቄላው የደረሰው ግን የዳቦውን ሒሳብ ይከፍላል።

«ያስቸገረ ልጅ ከሰል ይሰጠዋል።» ይሰጠዋል፣ ግን ከሰሉ ከስኳር የተሠራ ጥቁር ጣፋጭ ነው። ደግ ልጅም ቢሆን ትንሽ አይቀርበትም።

«በበዓሉ ማግስትም ሁሉም ያርፋል።» ጃንዋሪ 6 ብሔራዊ በዓል ነው፤ ከምሳ በፊት «ኤል ኒኞ» የሚባለው ትልቅ ሎተሪ ይወጣል። ጃንዋሪ 7 ግን በልማድ የቅናሽ ሽያጭ የሚጀመርበት ቀን ስለሆነ፣ ልኩ ያልሆነ ሹራብ የደረሰው ሁሉ ሊቀይር ሱቅ በር ላይ ይሰለፋል።