«ፕላት»፦ የፒያሳ ዘመድ፣ የናቡቴ መሬት

አሜሪካ ቤት የገዛ ሰው ያውቃታል። ከሚፈረመው የወረቀት ክምር መሃል አንዷ ገጽ ጽሑፍ ብዙም የላትም። መስመር ብቻ ናት። የየመስመሩ ርዝመት በጫማ፣ አቅጣጫው በዲግሪ ተጽፏል። ጥግ ላይ ሰሜንን የምታሳይ ቀስት አለች፤ መሃል ላይ የቦታው ቁጥር። ይቺ ወረቀት በእንግሊዝኛ «ፕላት» ትባላለች።

አዲስ አበባ ቢሆን «ካርታ» እንላት ነበር። ግን ልዩነት አለ። እኛ «ቤቱ ካርታ አለው?» ስንል የምንጠይቀው ስለ ባለቤትነት ነው። ፕላት ግን የማን እንደሆነ አትናገርም። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው የምትናገረው። ባለቤቱን የሚናገረው «ዲድ» የሚሉት ሌላ ሰነድ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ ሲገዙ ለይቶ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? ሁለት ምንጭ ተገናኝቶበታል። አንዱ «ፕሎት» የሚለው የቆየ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ቁራሽ መሬት ማለት ነው። ሌላው የፈረንሳይኛው «ፕላ» ነው፤ ጠፍጣፋ ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ሥር ወደ ግሪክ ይወስደናል፦ «ፕላቲስ»፣ ሰፊ፣ ዝርግ። ከዚሁ ከግሪኩ ሰፊ መንገድን የሚጠራ ቃል ወጣ፤ ላቲን ተቀበለው፣ ጣሊያንኛ «ፒያሳ» አደረገው። የኛው ፒያሳ! ፒያሳ ያደገ ሰው የፕላትን ዘመድ አፉ ላይ ይዞ ነው ያደገው። ዛሬ በየቦታው የምንሰማው «ፕላትፎርም»ም ከዚሁ ቤት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ፕላትፎርም ማለት በወረቀት የተነደፈ የመሬት ፕላን ማለትም ነበር።

«ፕሎት» ደግሞ ብዙ መልክ አለው። ቁራሽ መሬት ነው፣ የልቦለድ አካሄድ ነው፣ ተንኮልም ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን የልቦለዱን «ሴራ» ብለው መተርጎማቸው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ያዙት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን የናቡቴ ነገር ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል በሐሰት ምስክር አስወገረችው፤ ቦታው ተወሰደ። ዓመታት አለፉ። ኢዩ የአክዓብን ልጅ ኢዮራምን በቀስት ገደለና ሬሳውን ናቡቴ መሬት ላይ እንዲጥሉት አዘዘ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የሚሉት፣ እዚህ ላይ መሬቱን የሚጠራው «ፕላት» ብሎ ነው፤ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ። ያኔ ቃሉ ገና አፈሩን ነው የሚጠራው። ደም የፈሰሰበትን፣ ሰው የሞተለትን አፈር።

በዕብራይስጡ እዚያው ቦታ ያለው ቃል «ኼልካ» ነው፤ ድርሻ፣ ቁራሽ ማለት ነው። እስራኤል ውስጥ ቃሉ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ሲገዙ የመሬት መዝገቡ ላይ «ጉሽ» እና «ኼልካ» የሚል ቁጥር ያያሉ። የናቡቴ መሬት የተጠራበት ቃል ነው።

ታዲያ ፕላት ከአፈር ወደ ወረቀት እንዴት ወጣ? እንግሊዝኛው ቀስ በቀስ አወጣው፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ በሕግ አጸኑት። የ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ የመንግሥት መሬት በ6 ማይል በ6 ማይል እየተከፈለ እንዲሸጥ አዘዘ። እያንዳንዱም 36 ክፍል ይወጣዋል። መስመሩ በሰንሰለት ይለካ፣ በዛፍ ላይ ምልክት ይደረግ፣ ፕላት ላይ ይስፈር አለ። ሰንሰለቱ የእንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር ነው። 100 ቀለበት፣ 66 ጫማ፣ ወደ 20 ሜትር። 80 ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ማይል ይሞላል። እኛም ዘንድ መሬት የተለካበት ገመድ «ቃላድ» ነበር፤ የተለካውም «የቃላድ መሬት» ተባለ። መለኪያው ለመሬቱ ስሙን ሰጠ።

አንዳንዱ መሬት በጥንት ነዋሪዎቹ እጅ እያለ ነው መስመር የተሰመረበት። ወረቀቱ ላይ ባዶ ነበር የሚመስለው። ይሄ ልብ ይነካል።

ባለፈው ሜሪላንድ ያለ ጓደኛዬ አጥር ሊያሳጥር ቀያሽ ጠራ። ቀያሹ ፕላቷን ዘርግቶ ለካና ከጓሮው ጥግ ቆመ። ቅጠሉን በእግሩ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ የዛገ የብረት ዘንግ፣ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ። ወረቀቱ ያመለከተው ቦታ ላይ ነው። ለጥየቃ የመጡት የጓደኛዬ እናት ከበረንዳ ሆነው ያያሉ።

«ምን አገኘ ልጄ?» አሉ።

«ብረት ነው እማዬ፤ የመሬቱ ጫፍ እዚህ ጋ ነው ማለት ነው።»

ወርደው መጡና ጎንበስ ብለው ነኩት። «የወሰን ድንጋይ ነዋ!» አሉ። ከዚያ የገለጠውን ቅጠል በእጃቸው መልሰው አለበሱት።