«እርጋታ ተፈጥሮው ነው» እና ሌሎች ስለ ዶኒ የሚወሩ ስህተቶች

የሕንድ ክሪኬት አምበል የነበረው ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ በ2020 ከብሔራዊ ቡድን ከተሰናበተ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙ ከሜዳ ይልቅ በአመራር ስልጠና አዳራሽ ይነሳል። በዱባይ ወይም በዶሃ ከሕንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር የሚሠራ ሐበሻም ወሬውን መስማቱ አይቀርም። የሚያሰለቸው ግን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚቀዳው ትምህርት አብዛኛው የተገለበጠ መሆኑ ነው። «እንደ ዶኒ ተረጋጋ» ይባላል። እንዴት ሲባል መልስ የለም።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ አንዱ ቡድን መጀመሪያ ይመታል፣ ሌላው ደግሞ ያንን ነጥብ ለማለፍ ይመታል። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው መትቶ ወይ በሁለት ጫፍ ባሉ እንጨቶች መካከል ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ በመሮጥ፣ ወይ ኳሱን ከሜዳ ውጭ በማሳረፍ ነጥብ ያስቆጥራል። ከመቺው ጀርባ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች በኳስ ከተመቱ፣ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘ፣ ወይም እየሮጠ ሳይደርስ እንጨቶቹ ከተመቱ መቺው ይወጣል። 6 ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ዶኒ ቦታው ከእንጨቶቹ ጀርባ ነበር፤ ጓንት አጥልቆ ያለፈውን ኳስ ይይዛል።

«ክሪኬት አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ነው።» አምስት ቀን የሚፈጀው ቴስት የሚባለው ብቻ ነው። የ50 ኦቨሩ በአንድ ቀን፣ የ20 ኦቨሩ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ዶኒ ሕንድን በሦስቱም መርቷል።

«በአንድ ሌሊት ኮከብ ሆነ።» አልሆነም። አባቱ ራንቺ ከተማ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ በትምህርት ቤት የእግር ኳስ በረኛ ስለነበር ነው አሰልጣኙ ጓንቱን የሰጠው። ከ2001 እስከ 2003 ካራግፑር ባቡር ጣቢያ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ሥራውንም ያገኘው በስፖርተኛ ኮታ ነው እንጂ ክሪኬትን ትቶ አይደለም። አምስት ዓመት ገደማ በክልል ውድድር ከቆየ በኋላ በ2004 ናይሮቢ ላይ ለሕንድ ሁለተኛ ቡድን በፓኪስታን አቻው ላይ ደጋግሞ 100 ነጥብ ሲያልፍ ነው መራጮች ዞር ብለው ያዩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ባደረገው የመጀመሪያ ብሔራዊ ጨዋታ ያስቆጠረው ዜሮ ነው። በአምስተኛው ጨዋታው ወደ ሦስተኛ መቺነት ከፍ ተደርጎ 148 አስቆጠረ። ትምህርት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ልብ ይበል፦ ዜሮ ባመጣ ሰው ላይ ቦታ አሳድጎ የሞከረው የዚያን ጊዜው አምበል ሱራቭ ጋንጉሊ ነው።

«ተቆጥቶ አያውቅም።» ሚያዝያ 2019 ጃይፑር ላይ ለክለቡ ለቼናይ ሲጫወት፣ መቺ ሆኖ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሜዳ ገብቶ ከዳኛ ጋር ተከራክሯል፤ የጨዋታ ክፍያውን ግማሽ ተቀጥቷል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «እርጋታው ተፈጥሮ ነው፣ ውሳኔው ደግሞ ቁማር» ወደሚለው። ይህንን ለማስረዳት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የ2007ቱ የ20 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ሕንድ ከፓኪስታን። የመጨረሻው ኦቨር ሲደርስ ፓኪስታን 13 ነጥብ ይፈልጋል፣ የቀረው አንድ ዊኬት ነው፤ ማለትም አንድ መቺ ቢወጣ ጨዋታው ያበቃል። ዶኒ ኳሱን ልምድ ላለው ለሃርባጃን ሲንግ ሳይሆን ብዙ ሰው ስሙን ለማያውቀው ለጆጊንደር ሻርማ ሰጠ። ሕንድ በ5 ነጥብ አሸነፈ። «አየህ፣ ደፋር መሪ!» ይላል ተናጋሪው፣ ጭብጨባ ይከተላል።

እስኪ ሂሳቡን እንየው። ሃርባጃን እስከዚያ በወረወራቸው 3 ኦቨሮች 36 ነጥብ ሰጥቷል፤ በመጨረሻው ኦቨሩ ብቻ የፓኪስታኑ መቺ ሚስባህ ኡል ሃቅ ኳሱን ሦስት ጊዜ ከሜዳ ውጭ አሳርፎበታል። ጆጊንደር በ3 ኦቨሮች የሰጠው 13 ነው። ከሁለት ቀን በፊትም በግማሽ ፍጻሜው አውስትራሊያ 22 ነጥብ ሲፈልግ የመጨረሻውን ኦቨር የወረወረው ይኸው ጆጊንደር ነበር፤ ሁለት መቺ አስወጥቶ ጨርሶታል። ቁማር የሚሆነው ዝናን አይቶ ለሃርባጃን መስጠት ነበር። ዶኒ የመረጠው በዚያ ቀን ማን እንደሠራ አይቶ ነው። ስም ከደረጃ ሰንጠረዥ ይገኛል፤ የዛሬ ሥራ ግን ካልቆጠሩት አይታይም። መሥሪያ ቤት ውስጥም አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ እጅ ወደ አንጋፋው የሚዘረጋው ባለፈው ወር ማን ምን እንደጨረሰ የመዘገበ ስለሌለ ነው።

በዚያው ውድድር ደርባን ላይ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፤ ግን አይጠቀስም፣ ምክንያቱም ጀግና የለውም። ሕንድና ፓኪስታን 141 ለ141 አቻ ወጡ። በዚያን ጊዜ ደንብ ተጫዋቾች ያለ መቺ ወደ እንጨቶቹ ብቻ ይወረውሩ ነበር። ሕንድ በልምምድ ላይ ይህንን ሲሞክር ሰንብቷል፤ በቀጥታ የሚመታው ማን እንደሆነም አውቋል። ስለዚህ ከላኳቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሮቢን ኡታፓ ነበር፤ እሱ ጭራሽ ወርዋሪ አይደለም። ዶኒ ከእንጨቶቹ ጀርባ ልክ መሐል ላይ ተንበረከከ፤ ወርዋሪው ወደ ዶኒ ብቻ አልሞ ቢልክ ኳሷ እንጨት ትነካለች። የፓኪስታኑ ጓንት ለባሽ ግን እንደወትሮው ወደ ጎን ቆመ። ውጤቱ 3 ለ0። እርጋታ የሚባለው ይህ ነው፦ ሌላው ደንቡን ሜዳ ላይ ሲያሰላስል አንተ አስቀድመህ መለማመድህ።

ሦስተኛው ማስረጃ ከ2016ቱ የ20 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ነው። ቤንጋሉሩ፣ ባንግላዴሽ የመጨረሻዋ ኳስ ቀርታው 2 ነጥብ ይፈልጋል፤ 1 ቢያገኝ አቻ ነው። ዶኒ ኳሷ ከመወርወሯ በፊት የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወፍራም ጓንት ለመያዝ እንጂ ለመወርወር አይሆንም፤ መቺው ከሳተ ደግሞ ባላንጣዎቹ ለአንድ ነጥብ መሮጣቸው አይቀርም። መቺው ሳተ። ዶኒ ግን አልወረወረም፤ ኳሷን ይዞ እንጨቱ ድረስ ሮጠ። ውርወራ ሊስት ይችላል፣ ሩጫ አይስትም፤ ከማዶ የሚመጣው ሯጭ ደግሞ 20 ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። ሕንድ በ1 ነጥብ አሸነፈ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ኳሶች የባንግላዴሽ መቺዎች 2 ነጥብ ብቻ ሲበቃቸው ከሜዳ ውጭ ለማሳረፍ ሲሞክሩ ተራ በተራ ተይዘው ወጥተዋል። የሁለቱ ቡድን ልዩነት በደም ሥር ያለ ቅዝቃዜ አይደለም። አንዱ ወገን የሚቀጥለው ነገር ሊበላሽ የሚችልበትን መንገድ አስቀድሞ ጠይቋል።

ስለዚህ «ተረጋጋ» ከማለት ይልቅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እነዚህን አስጨርሱ፦ መጨረሻው ሰዓት ላይ ምን ሊበላሽ ይችላል? ሲበላሽ ማን ያስተካክለዋል? የሚበቃን ትንሹ ውጤት ምንድን ነው? መልሱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ልብ ምት በራሱ ይቀንሳል። ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ መጥፎ አይደለም፤ ጓንቱን ግን አያወልቅም።

«የ2011ን የዓለም ዋንጫ በአንድ ምት ብቻውን አመጣው።» ሙምባይ ላይ በፍጻሜው ከስሪላንካ ጋር ሲጫወቱ ከሜዳ ውጭ ያሳረፋት የመጨረሻ ኳስ ሁሉም ስልክ ላይ አለች። በዚያ ጨዋታ ትልቁን ነጥብ ለሕንድ ያስቆጠረው ግን 97 ያመጣው ጋውታም ጋምቢር ነው፤ ዶኒ 91 ነው። በውድድሩ በሙሉ ደግሞ 362 ነጥብ አስቆጥሮ፣ በወርዋሪነትም 15 መቺ አስወጥቶ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ዩቭራጅ ሲንግ ነው። የዶኒ ድርሻ ሌላ ቦታ ነው፦ በዚያ ውድድር እስከ ፍጻሜው በአንድም ጨዋታ 50 ነጥብ እንኳ ሳያገባ፣ ሕንድ 114 ነጥብ ላይ ሳለ ሦስተኛው መቺ ሲወጣ ከዩቭራጅ ቀድሞ ራሱ ገባ። ጋምቢርም ዩቭራጅም ግራኝ ናቸው፤ የስሪላንካው ሙራሊታራን ኳስ ከግራኝ ትሸሻለች። ዶኒ ቀኝ መቺ ነው፣ ሙራሊታራንንም በቼናይ ክለብ አብረው ሲጫወቱ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ባይሳካ ወቀሳው ሁሉ የእሱ ነበር።

«በሁሉም መስክ ምርጥ አምበል ነበር።» በቴስት ከመራቸው 60 ጨዋታዎች 27 አሸንፎ 18 ተሸንፏል። በ2011 ቡድኑ እንግሊዝ ሄዶ 4 ለ0፣ ከዚያም ከ2011 መጨረሻ እስከ 2012 መጀመሪያ አውስትራሊያ ሄዶ 4 ለ0 ተሸንፏል። የ20 ኦቨሩ ብልሃት ለአምስት ቀኑ አልበቃም። ከሰው መማር ማለት የት እንዳልሠራም ማወቅ ነው።

«ሳይገፉት በጊዜ ወረደ፤ ስለዚህ መውረድ ቀላል ነው።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ታኅሣሥ 2014 ሜልቦርን ላይ፣ ውድድሩ ሳያልቅ፣ በ90ኛው ጨዋታው ቴስትን ተወ። መቶኛውን ልጠብቅ አላለም፤ ወንበር ላይ ለሚጣበቅ ሰው ይህ ለብቻው በቂ ነው። ጥር 2017 የቀሩትን ሁለቱን አምበልነቶች ለቪራት ኮህሊ አስረክቦ በሥሩ ተራ ተጫዋች ሆኖ ቀጠለ። ርክክቡ ያለ ጭቅጭቅ የሄደው ኮህሊ በዚያን ጊዜ ቴስቱን ሁለት ዓመት መርቶ የራሱ ሥልጣን ስለነበረው ነው።

መውረድ ቀላል ላለመሆኑ ማስረጃው ቼናይ ክለብ ነው። በ2022 ዶኒ አምበልነቱን ለራቪንድራ ጃዴጃ የሰጠው ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ጃዴጃ ትልቅ ቡድን የመምራት ልምድ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የቀድሞው አለቃ ደግሞ እዚያው ከእንጨቶቹ ጀርባ ቆሟል፣ የተጫዋቹ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከ8 ጨዋታ 6 ተሸነፉና አምበልነቱ ወደ ዶኒ ተመለሰ። ተተኪ የሚያዘጋጅ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ቀድሞ አነስተኛውን ኃላፊነት ለብቻው ይስጠው፣ በዚያ ጊዜም ሲሳሳት ጣልቃ አይግባ። ዋናውን ካስረከበ በኋላ እዚያው የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ ይዞ ወደ እሱ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ ይላክ።